የታሸገ ውሃ ባክቴሪያና የመድኃኒት መላመድ በመንዝ፣ ግሼና መርሐቤቴ

የታሸገ ውሃ ለመጠጥ ተዘጋጅቶ በጠርሙስ ወይም በፕላስቲክ ተሞልቶ የተከደነ ውሃ ነው፤ ከባክቴሪያ ፈጽሞ የጸዳ ውሃ ግን አይደለም። ፋብሪካው ውሃውን ቢያጣራው፣ በኦዞን ወይም በአልትራቫዮሌት ጨረር ቢያክመውም ጥቂት ባክቴሪያዎች ይተርፋሉ፣ አለዚያም ከመሙያ መሣሪያውና ከክዳኑ ይገባሉ። ኦዞኑ ብዙ ሳይቆይ ተበትኖ ያልቃል፤ እንደ ክሎሪን በውሃው ውስጥ ቆይቶ አይጠብቅም። ከዚያ በኋላ እነዚህ ተህዋስያን ውሃው ውስጥ ባለችው እጅግ ጥቂት የካርቦን ምግብ እየኖሩ በቀናት ውስጥ በአንድ ሚሊ ሊትር በሺዎች፣ አልፎም በአሥር ሺዎች ሊቆጠሩ ይችላሉ። አብዛኞቹ እንደ ሱዶሞናስና ስፊንጎሞናስ ያሉ የውሃ ነዋሪዎች ናቸው፤ ጤነኛ ሰው ይጠጣቸዋል፣ አይታመምም። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ የተፈጥሮ ማዕድን ውሃ ከታሸገ በኋላ በ12 ሰዓት ውስጥ ሲመረመር ከ20 እስከ 22 ዲግሪ ሙቀት ላይ በአንድ ሚሊ ሊትር ከ100 በላይ እንዳይገኝ ያዛል፤ በመደርደሪያ ላይ ለሚከተለው ተፈጥሯዊ እድገት ግን እንዲህ ያለ የቁጥር ጣሪያ አላስቀመጠም። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ዋና መለኪያ ሌላ ነው፦ ከሰውና ከእንስሳት ዓይነ ምድር የሚመጣው ኢ. ኮላይ በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ ውስጥ ጨርሶ መታየት የለበትም።

«መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች በታሸገ ውሃ ተገኙ» የሚል ዜና የሚመዘነው በውሃ ነዋሪውና ከዓይነ ምድር በሚመጣው ባክቴሪያ መካከል ባለው በዚሁ ልዩነት ነው። «መላመድ» የሚለው የአማርኛ ቃል ራሱ ትንሽ ያሳስታል፤ ባክቴሪያው መድኃኒቱን ቀምሶ፣ ደጋግሞ አግኝቶ የለመደው ያስመስላል። ሱዶሞናስ ግን አምፒሲሊንን የሚቋቋመው ከፋርማሲ ጋር ተዋውቆ አይደለም፤ ሽፋኑ ጠባብ ነው፣ የገባበትንም ኬሚካል መልሶ የሚተፋ ፓምፕ አለው፤ ሲፈጠር ጀምሮ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት በካናዳ ዩኮን 30,000 ዓመት ገደማ በረዶ ሆኖ በቆየ አፈር ውስጥ የመድኃኒት መቋቋሚያ ጂኖችን አግኝቷል። በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ በሚገኘው ሌቹጊያ ዋሻም ለአራት ሚሊዮን ዓመታት ያህል ከምድር ገጽ ተነጥለው የኖሩ ባክቴሪያዎች ብዙ ዘመናዊ መድኃኒቶችን ሲቋቋሙ ታይተዋል። ስለዚህ ከአንድ ጠርሙስ ከተገኙት ባክቴሪያዎች ይህን ያህል በመቶው አምፒሲሊንን ተቋቋሙ የሚል አኃዝ ብቻውን ስለ ጠጪው አደጋ የሚነግረን ጥቂት ነው። መጠየቅ ያለበት የተቋቋመው የትኛው ባክቴሪያ እንደሆነና ከየት እንደመጣ ነው።

ጥያቄው በሰሜን ሸዋ ወዳለው መንዝ ሲወጣ መልሱ ከፋብሪካው ይርቃል። ላሎ፣ ማማና ጌራ ተብሎ በጥንት የተከፈለው መንዝ፣ ከራቤል ከተማ የሚተዳደረው ግሼ፣ በጀማና በወንጭት ሸለቆዎች መካከል የተቀመጠው መርሐቤቴ የምንጭ አገር ናቸው። ከ3,200 ሜትር በላይ የተዘረጋው የመንዝ ጓሳ ሣር ምድር ዝናቡን ይዞ ቀስ እያለ ይለቃል፤ ከዚያ የሚነሱ ወንዞች ከፊሉ ወደ ዓባይ፣ ከፊሉ ወደ አዋሽ ይወርዳሉ። ከምንጭ ውሃ አንጻር ግን ከፍታ ንጽሕና ማለት አይደለም። የመንዝ አምባ ባዛልት በስንጥቅ የተሞላ ነው፤ በጀማ ሸለቆ ዝቅ ሲባል የኖራ ድንጋይ ይገለጣል። በሁለቱም ውሃ በስንጥቅ በፍጥነት ይሄዳል፤ አፈር እንደሚያጣራው ያህል አይጣራም። እ.ኤ.አ. በ1974 በፖርቱጋል በተነሣው የኮሌራ ወረርሽኝ ከ2,000 በላይ ሰዎች ሲታመሙ፣ መተላለፊያ ሆነው ከተገኙት አንዱ በኖራ ድንጋይ ውስጥ ከሚያልፍ ምንጭ የታሸገ የማዕድን ውሃ ነበር። ማሸጊያው ጥፋቱን አልፈጠረውም፤ ከላይ የተበከለውን ምንጭ ተሸክሞ ወደ ሩቅ ወሰደው እንጂ።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል፦ ምንም የማይጎዳ የውሃ ባክቴሪያ ጂኑን ለሚጎዳው ሊያቀብል አይችልም ወይ? ይችላል፤ ደግሞም አድርጎታል። ዛሬ ሆስፒታሎችን የሚያስቸግረው ሲቲኤክስ-ኤም የተባለው ሴፋሎስፖሪን ሰባሪ ኢንዛይም የመጣው ክሉይቬራ ከተባሉ፣ እምብዛም ሰው ከማያሳምሙ ባክቴሪያዎች ነው። ኪው-ኤን-አር የተባለውና ሲፕሮፍሎክሳሲንን የሚያዳክመው ጂንም ዘሩ ወደ ውሃ ባክቴሪያዎች ይመዘዛል። ነገር ግን ጂን ተሻግሮ እንዲሰፍን ሁለት ነገር ይፈልጋል፦ ብዙ ባክቴሪያ ተጠጋግቶ የሚኖርበት ቦታ፣ የተሻገረለትንም ከሌላው አስቀድሞ የሚያበዛ መድኃኒት። የተከደነ ጠርሙስ ሁለቱም የሉትም፤ የሰው አንጀትና የበግ አንጀት ግን ሁለቱም አላቸው። ሁለተኛው ተቃውሞ ስለ ደካሞች ነው፤ እርሱም ልክ ነው። በጀርመን በጽኑ ሕሙማን ክፍል የሱዶሞናስ ኤሩጂኖሳ ሕመም ከታሸገ ውሃ ጋር ተያይዞ ታውቋል። ለጨቅላ ሕፃን ወተት መበጥበጫ፣ ለቁስል ማጠቢያና የመከላከል አቅሙ ለወረደ በሽተኛ የታሸገ ውሃም መፈላት አለበት። ይህ ግን ለጥቂቶች የተለየ ጥንቃቄ እንጂ የአደጋውን ዋና ምንጭ የሚቀይር አይደለም።

ዋናው ምንጭ መድኃኒቱ ራሱ ያለበት ነው። በደጋ ትኩሳት ይዞት ጤና ተቋም የሚሄድ ሰው በብዛት የሚመረመረው ዊዳል በተባለው የደም ምርመራ ነው፤ ምርመራው ባክቴሪያውን ሳይሆን ፀረ እንግዳ አካልን ስለሚያይ ከዓመታት በፊት ያለፈውንም፣ ከሌላ ሕመም የመጣውንም «የአንጀት ተስቦ» ብሎ ሊያስጽፍ ይችላል። ከዚያ ሲፕሮ ወይም አሞክሳሲሊን ይከተላል። ያለ ማዘዣ ገዝቶ ሲሻል አቋርጦ የቀረውን ለቤተሰብ ማስቀመጥም በአገሪቱ የተለመደ ነው። በሱፉ የሚታወቀው የመንዝ በግ ደግሞ ኦክሲቴትራሳይክሊን የተባለ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት በየጊዜው ይወጋል። በጉ ምንጭ ዳር ይጠጣል፣ እዚያው ይጥላል፤ አጥር ባልተሠራለት፣ ባልጎለበተ ምንጭ ዓይን ላይ ክረምቱ ሁሉን አጥቦ ያስገባል። መድኃኒት የተላመደ ኢ. ኮላይ ከውሃ ቢገኝ መነሻው በዚህ መንገድ ላይ የመሆን ዕድሉ እጅግ ይሰፋል። ለዚህ ነው በአካባቢው የውሃ ምርመራ ሲታሰብ ከሱቅ የተገዛ እሽግ ውሃ ናሙና መጨረሻ፣ ምንጩና ጀሪካኑ መጀመሪያ ሊመጡ የሚገባው። እ.ኤ.አ. በ2019 በመላው ዓለም 1.27 ሚሊዮን ያህል ሞት በቀጥታ መድኃኒት ከተላመዱ ባክቴሪያዎች እንደመጣ ተገምቷል፤ የተገመተውም በሰው ላይ ከተገኙ የደም፣ የሳንባና የአንጀት በሽታ አምጪዎች እንጂ ከጠርሙስ ነዋሪዎች አይደለም።

ጠርሙሱ በእርግጥ አደገኛ የሚሆነው በሁለተኛ ሕይወቱ ነው። የታሸገ ውሃ የንግድ ስም ሆኖ ወጥቶ ለማንኛውም ፕላስቲክ ጠርሙስ መጠሪያ የሆነው ሃይላንድ ባዶ ሲሆን አይጣልም፤ ዘይት፣ አረቄ፣ ጋዝ፣ የምንጭ ውሃ ይያዝበታል። ከፃድቃኔ ማርያም የሚመለስ ምእመን ጠበሉን ይዞ የሚገባውም ብዙውን ጊዜ በዚሁ ነው፤ ጠበሉ የእምነት ጉዳይ ነው፣ የፕላስቲኩ መታጠብ አለመታጠብ ግን የእጅ ጉዳይ ነው። አንገቱ ጠባብ የሆነ ጠርሙስ ውስጡ በእጅ አይፈተግም፤ ግድግዳው ላይ የሚለጠፈው ስስ የባክቴሪያ ንጣፍ አዲስ የሚሞላውን ውሃ ሁሉ ይቀበላል፣ ዓይነ ምድር የነካውን ውሃ ካገኘም የአንጀት ባክቴሪያን ከውሃው ባክቴሪያ ጋር አጠጋግቶ ያኖራል። ፋብሪካው ያልሰጠውን መቀራረብ የሚሰጠው ይህ ነው። ማፍላት ይበጃል፤ በ3,000 ሜትር ከፍታ ውሃ በ90 ዲግሪ ገደማ ቢፈላም ለአንጀት በሽታ አምጪዎች ሙቀቱ ከበቂ በላይ ነው። ችግሩ ማገዶው ነው፦ ዛፍ በሳሳበት መንዝ የሚነደው ኩበት ነው፣ ኩበቱ ደግሞ የማሳው ማዳበሪያ ነበር። እንደ ውሃ አጋር ያለ ክሎሪን ኩበት አያስወጣም፣ ባክቴሪያውን መድኃኒት የተላመደም ቢሆን ይገድላል፤ ክሪፕቶስፖሪዲየም የተባለውን የአንጀት ጥገኛ ተህዋስ ግን አያሸንፍም። ስለዚህ በበጋ፣ ምንጩ ሲጠራ፣ ክሎሪኑ ይበቃል፤ ሐምሌና ነሐሴ ውሃው ደፍርሶ ሲመጣ ግን መጀመሪያ በነጠላ አጥልሎ፣ ከዚያ ክሎሪን ጨምሮ፣ ለሕፃንና ለታማሚ የሚሆነውን ብቻ ለይቶ ማፍላት ኩበቱንም ማሳውንም ብዙ ሳይጎዳ የሚቻል ነው።