አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል

ልጅ ሳለሁ፣ መንዝ ውስጥ፣ ከየኔታ እግር ሥር ተቀምጬ «ሀ ግዕዝ፣ ሁ ካዕብ» እያልሁ ፊደል ቆጠርሁ። ዳዊት ስደግምም መዝሙር 118 ላይ «አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል፣ ዳሌጥ» የሚሉ አርእስት አገኘሁ። በቃሌ ያዝኋቸው እንጂ የዕብራውያን ፊደላት ስሞች መሆናቸውን አላወቅሁም።

ዘንድሮ፣ መሐል ሜዳ ላይ፣ ከባንክ ሥራ መልስ፣ ዕብራይስጥ መጻፍ በሚያለማምድ የስልክ ፕሮግራም እማራለሁ። ፕሮግራሙ የፊደሉን ጥላ ያሳየኛል፤ መስመሩን ስስት ይመልሰኛል። ጣቴ ከቀኝ ወደ ግራ መሄድን እንቢ ቢልም፣ አራተኛው ፊደል ላይ ስደርስ የየኔታ ድምፅ ተሰማኝ፦ ዳሌጥ!

ያን ጊዜ አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን አሰብሁ። እኒህ የሸዋ ሊቅ ኢየሩሳሌም ረጅም ዘመን ተቀምጠው ዕብራይስጥና ሱርስት ተምረዋል። በደቀ መዝሙራቸው በደስታ ተክለ ወልድ ትጋት በ1948 ዓ.ም. የታተመው የግእዝ መዝገበ ቃላታቸው የተደረደረው በሀለሐመ ሳይሆን በአበገደ ነው።

ኮምፒዩተር ግን ለሀለሐመ ፈረደ፤ ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ ቁጥሩ ከ«ሀ» ጀመረ። ደግነቱ፣ በሶርያ በጥንቷ ኡጋሪት በተገኙት፣ ከ3,000 ዓመት በላይ ባስቆጠሩት የሸክላ ጽላቶች ላይ ሁለቱም ተራዎች ተቀርጸዋል። አንዱ የሌላው ስሕተት አይደለም።

የእኔ ቁጭት ሌላ ነው። የአለቃን መዝገብ ገልጬ አንድ ቃል ፍለጋ ስንከራተት በኖርሁባቸው ዓመታት ሁሉ፣ ቁልፉ ከዳዊቴ ጋር በአፌ ነበረ።