የአባቴ ቦርሳ፣ ሚኒስቴሩ እና የናዝሬት መንገድ

አባቴ ሾፌር ነበር። ኤንትሬ ከነተሳቢዋ ይዞ ከናዝሬት አሰብ፣ ከአሰብ አዲስ አበባ ይመላለስ ነበር። ከዚህ ዓለም ሲለይ ለልጆቹ ከተወልን ነገር አንዱ ወረቀት የታጨቀባት ቡናማ የቆዳ ቦርሳ ናት። መንጃ ፈቃድ፣ የጭነት ሰነድ፣ የኬላ ደረሰኝ፣ የማኅበር መታወቂያ፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ አለ። ባለፈው ክረምት እናቴ ቤት ቁጭ ብዬ ሳገላብጠው ሳቅ አመለጠኝ። ሰውዬው አንድ፣ መንገዱ አንድ፣ በወረቀቶቹ አናት ላይ የታተመው የመሥሪያ ቤት ስም ግን ሌላ ሌላ ነው። እኛም እኮ ከዚህ አንሻልም፤ ጅማ በ1990 ስንገባ የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ነበርን፣ በ1996 ስንወጣ ዩኒቨርሲቲ። ለዚህ መጽሔት ጻፊ ስባል ስለ ሕክምና ልጽፍ ነበር፤ ቦርሳዋ ሐሳቤን አስቀየረችኝ።

አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ ለጦር፣ ለፍርድ፣ ለገንዘብ፣ ለእርሻ፣ ለንግድ ሰው ተመደበ። ለትራንስፖርት የሚባል ግን አልነበረም። ነገሩ ያኔ የመንግሥት ሥራ ሳይሆን የኩባንያ ሥራ ነበርና። የባቡሩን ፈቃድ በ1886 ያገኙት የንጉሡ አማካሪ ስዊሳዊው አልፍሬድ ኢልግ ናቸው። ሐዲዱ በ1895 ድሬዳዋ ደረሰ፣ ኩባንያው ገንዘብ አልቆበት ከሰረ፣ ሌላ ኩባንያ ተተካና በ1909 አዲስ አበባ ገባ። በመንገዱ ላይ ሞጆና አዳማ ጣቢያ ሆኑ። ከተማችን ከተማ የሆነችው በዚያ ጣቢያ ምክንያት ነው። ናዝሬት የሚለውን ስም ኋላ ከንጉሠ ነገሥቱ አገኘች፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ አዳማ ወደሚለው ተመለሰች። እኔ ሁለቱንም ስም እየቀላቀልኩ ነው የምጠራት፤ የከተማው ሰው አብዛኛው እንደዚያው ነው።

አውራ ጎዳናም ቢሆን የተጀመረው በሚኒስቴር አይደለም። በ1943 ዓ.ም. የዓለም ባንክ ለመንገድ ጥገናና ሥራ 5 ሚሊዮን ዶላር አበደረ። ለዚያው ሥራ የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ፣ ሲጀመርም አሜሪካውያን ባለሙያዎች ይመሩት ነበር። አየር መንገዱ ደግሞ ከዚያ በፊት በ1938 ተመሥርቷል። ስለዚህ ባቡሩም፣ አውሮፕላኑም፣ መንገዱም እያንዳንዱ የራሱ ቤት፣ የራሱ ገንዘብ፣ የራሱ ፈረንጅ ነበረው። ሚኒስቴር የተባለው ኋላ መጥቶ ከላያቸው ተቀመጠ። ልጆቹ ከእናታቸው በፊት የተወለዱበት ቤት በሉት። ስሙ ቶሎ ቶሎ የሚቀያየረውም፣ በእኔ ግምት፣ ከዚህ የተነሳ ነው፤ ሥራውን ባለሥልጣኖቹና ድርጅቶቹ ይሠሩታል፣ እናቲቱን ግን መንግሥት በተለወጠ ቁጥር ሌላ ሰው ያገባታል።

የባሕሩ ታሪክ ይበልጥ ይገርመኛል። ኤርትራ በ1945 በፌዴሬሽን ስትቀላቀል አገሪቱ ምጽዋንና አሰብን ይዛ ባለ ባሕር ሆነች። ወዲያው የባሕር ሕግ ወጣ፣ በ1952 ዓ.ም. ከፍትሐ ብሔር ሕጉ ጋር በአንድ ቀን ሙሉ የባሕር ሕግ ታወጀ። የባሕር ትራንዚት ጉዳይ እንጂ ባሕር የማያውቀው የደጋ ሰው በ1956 የመርከብ ድርጅት አቋቋመ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት የጭነት መርከቦች ‘የይሁዳ አንበሳ’ እና ‘ንግሥተ ሳባ’ ይባሉ ነበር፤ ነዳጅ ጫኟ ደግሞ ‘ላሊበላ’። አባቴ አሰብ ወደብ ላይ ወረፋ ሲጠብቅ መርከብ በስሙ ለይቶ ያውቅ ነበር፣ እኛ ልጆቹ የመኪና ስም እንደምናውቀው። ዋና ግን አይችልም ነበር። ዛሬ መርከበኞች ከሚሠለጥኑባቸው ቦታዎች አንዱ ቢሾፍቱ ውስጥ ባቦጋያ ሐይቅ ዳር መሆኑን ቢሰማ ምን ይል እንደነበር እንጃ። ከውቅያኖስ ይህን ያህል ርቆ፣ በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውኃ አጠገብ!

በደርግ ጊዜ ስሙ የትራንስፖርትና መገናኛ ሚኒስቴር ሆነ፣ የጭነት መኪኖችም በቀጠና ተደራጁ። የቦርሳዋ አብዛኛው ወረቀት የዚህ ዘመን ነው። መኪናው የግል ቢሆንም ጭነቱን የሚመድበው፣ ዋጋውን የሚቆርጠው መንግሥት ነበር። አባቴ ስለ ወረፋው ብዙ ያማርር ነበር፤ ያው ወረፋ ሲቀር ደግሞ ናፈቀው። በ1984 ነፃ ሲለቀቅ ባለ ብዙ መኪና ሀብታም ጭነቱን ሁሉ ጠራረገው ይል ነበር። ሁለቱም ላይ እውነት የነበረው ይመስለኛል።

ከዚያ ዘመን አንድ ቀን ግን እናቴም አክስቴም ሲያነሱት ድምፃቸው ይቀየራል። ጥር 5 ቀን 1977 ዓ.ም. ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ ይጓዝ የነበረ የመንገደኞች ባቡር አዋሽ አጠገብ፣ ጠመዝማዛው ድልድይ ላይ ከሐዲድ ወጥቶ ገደል ገባ። ከ400 በላይ ሰው ሞተ። በፍጥነት ምክንያት እንደሆነ መንግሥት ተናገረ፣ ነጂው ተያዘ። አክስቴ ያኔ ናዝሬት ለገሃር ብርቱካን ትሸጥ ነበርና ሳህኗን ደርድራ ያንን ባቡር ስትጠብቅ ነበር። ‘ጠበቅን፣ ጠበቅን፣ ብርቱካኑን ይዘን ተመለስን’ ነው የምትለው፤ ከዚህ በላይ አትጨምርም። ያ አደጋ በረሀብ ዓመት ስለሆነ ይሁን በሌላ፣ ሙታኑን የሚያስታውስ ሰው ዛሬ ጥቂት ነው።

ግንቦት 1990 ላይ የመጀመሪያ ዓመት ፈተና እያጠናን ሳለ ጦርነቱ ተነሳ። አሰብ ተዘጋ። የአገሪቱ ጭነት ሁሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ፣ እስከ ዛሬም ከውጭ ንግዳችን ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፈው በዚያው ነው። ለክረምት ከጅማ ስመለስ የናዝሬት ዋና አስፋልት ዳር እስከ ዳር ከባድ መኪና ሆኖ አገኘሁት። ሞጆ፣ ናዝሬት፣ መተሐራ፣ አዋሽ የሾፌር ማደሪያ ሆኑ፤ ከሾፌሩ ጋር ሆቴሉ፣ ከሆቴሉ ጋር ኤችአይቪ። ያን ጊዜ በዚህ መስመር ላይ የሠራን ሐኪሞች ካርታውን በመኝታ ክፍሎቻችን እናውቀዋለን። አባቴ ግን የጅቡቲን መንገድ አልወደደውም፣ ጥቂት ተመላልሶ መኪናዋን ሸጠ። ‘አሰብ ሰው ያውቀኝ ነበር’ ነበር ምክንያቱ።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ስም በፍጥነት ልለፈው። በ1994 የመሠረተ ልማት ሚኒስቴር ሆነ፣ በ1998 የድሮው ትራንስፖርትና መገናኛ ተመለሰ፣ በ2003 በአዋጅ 691 መገናኛው ተቀንሶ ትራንስፖርት ብቻውን ቀረ፣ በ2014 በአዋጅ 1263 ሎጂስቲክስ ተጨመረለት። በመካከሉ በ1999 የማሪታይም ጉዳይ ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ ወደብ በሌለን ጊዜ ማለት ነው። በ2001 ሞጆ ላይ ደረቅ ወደብ ተከፈተ፣ በ2004 መርከቡ፣ የማሪታይምና ትራንዚት አገልግሎቱና ደረቅ ወደቡ አንድ ድርጅት ሆኑ። ሽንብራና ጤፍ ይታወቅባት የነበረችው ሞጆ ኮንቴይነር የተቆለለባት ሆነች። በ2007 የአዲስ አበባ–አዳማ የክፍያ መንገድ ሥራ ጀመረ፣ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር መስከረም 25 ቀን 2009 ተመረቀ። የባቡሩ ጣቢያ ከከተማ ውጭ ስለሆነ የአክስቴ ሙያ የሚሆነው የለም።

አሁን ወደ ራሴ ሥራ ልምጣ። በ1998 ጠቅላላ ሐኪም ሆኜ በዚሁ መስመር ላይ ባለ አንድ ሆስፒታል ተረኛ ሳለሁ ሌሊት አንድ ረዳት አመጡ። አሥራ ሰባት ቢሆነው ነው። መኪናው ተገልብጦ፣ ሆዱ እየተነፋ፣ ግፊቱ እየወረደ። ይዞት የመጣው መንገደኛ ነበር፤ ሾፌሩ ጠፍቷል፣ ባለ መኪናው አይታወቅም። ካርድ ክፍሉ ገንዘብ ጠየቀ። ለመድኃኒቱ፣ ለደሙ ከረጢት፣ ለጓንቱ ሳይቀር ሰው መክፈል ነበረበት። ነርሶቹና እኔ አዋጥተን ስንገዛ፣ ስንሯሯጥ ጊዜው ሄደ። ልጁ ኦፕራሲዮን ክፍል በር ላይ አረፈ። ስሙን ያወቅነው በነጋታው እናቱ ከአርሲ ስትመጣ ነው። አባቴን ነገርኩት። ዝም ብሎ ቆየና ‘ስንቱን ረዳት እንዲህ መንገድ ላይ ጥለነው ሄደናል፣ ልጄ’ አለኝ። ማን ማን እንደሆነ አልጠየቅሁትም።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ2000 ዓ.ም.፣ የሦስተኛ ወገን መድን አስገዳጅ የሚያደርግ አዋጅ 559 ወጣ። በ2005 በአዋጅ 799 ተተካ። ሕጉ ብዙ ሰው የሚያስበው እንደ መኪና ባለቤት ጣጣ ነው፣ መስታወት ላይ የሚለጠፍ ስቲከር። ለእኛ ለሐኪሞች ግን በውስጡ ትልቅ ነገር አለው፤ ማንኛውም በተሽከርካሪ የተጎዳ ሰው የድንገተኛ ሕክምና በመድኑ ያገኛል፣ የጤና ተቋምም የመስጠት ግዴታ አለበት፣ የገጨው መኪና ባይታወቅ ወይም መድን ባይኖረው ደግሞ ከመድን ፈንዱ ይሸፈናል። የመጀመሪያው ዓመት አንድ የተገጨ ባለ ጋሪ ያለ ቅድሚያ ክፍያ ቀጥታ ወደ ውስጥ ሲገባ ሳይ፣ እውነቴን ነው፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ያ ሚኒስቴር በሕይወት ዘመኔ ከሠራው ሁሉ ለእኔ ይህች አንቀጽ ትበልጣለች፣ ከስድስት መስመሩ አስፋልትም ጭምር።

ቢሆንም ቅሬታ አለኝ። በ2005 አዋጁ ሲወጣ የተጻፈበት እስከ 2000 ብር ነበር፤ ያ 2000 ብር ዛሬ ለሲቲ ስካን እንኳ እንደማይበቃ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የሂሳብ ማስመለሻው ወረቀት ረጅም ስለሆነ ተቋማት ይሰለቻሉ። ከሁሉም የሚያናድደኝ ግን ሕጉን የማያውቅ ቤተሰብ አሁንም በሬ ሸጦ እስኪመጣ ቁስለኛው ኮሪደር ላይ የሚቆይበት ጊዜ መኖሩ ነው። እኔ ባለሁበት ድንገተኛ ክፍል ካርድ መስኮቱ አጠገብ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ አጽፌ ለጥፌያለሁ። ሁለት ጊዜ ተቀደደ፣ ሁለት ጊዜ አስለጠፍኩ።

መተሐራ፣ አዋሽ፣ ባቱ፣ ሻሸመኔ፣ አሰላ የምትሠሩ የባቼ ልጆች፣ በእናንተ ቤት እንዴት እንደሚሠራበት ንገሩኝ። ቲቲፒ አሰንዳቦ ወጥተን ቤት ለቤት ስንቆጥር እንዳደረግነው ቁጥሩን ያዙልኝ፦ ስንት ቁስለኛ ገባ፣ ስንቱ በመድኑ ታከመ፣ ስንቱ ከኪሱ ከፈለ። ለግንኙነቱ ስንመጣ ከምሳ በፊት አንድ ሰዓት እንቀመጥበት፤ መምህራኖቻችንም ካላችሁ ጎን ሆናችሁ አርሙን። የአባቴን ቦርሳ ይዤ እመጣለሁ፣ ወረቀቶቹን ለማየት የሚፈልግ ካለ።