የሁለቱ የስልክ ሽቦዎች ታሪክ

ታላላቆቻችን እንደነገሩን፣ በጣና ዳር በአንድ ዘመዳችን ቤት ባለ ቁልፍ ስልክ ነበረ። ሰው ሲደውል ይጮሃል፤ እጀታውን ሲያነሡትም ድምፁ ጥርት ብሎ ይሰማል። ቁጥር ሲጫኑ ግን ዝም ነው። ቤተ ሰቡም ሒሳብ ያልተከፈለ መስሎት ተወው። በአንድ የክረምት ሌሊት አያታችን ታመሙና የሚያውቁትን ሐኪም ለመጥራት ቢሞክሩ ስልኩ እምቢ ስላለ፣ አንዱ ልጅ በዝናብ እየሮጠ ሄደ። እኛም ምክንያቱን ስንፈልግ ከታሪክ ውስጥ ገባን።

አሌክሳንደር ግራሃም ቤል በአሜሪካ የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1876 ነው። ከ18 ዓመት በኋላ፣ በ1894፣ ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ከሐረር እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር የሚሆን የስልክ መሥመር እንዲዘረጋ አዘዙ። በቤተ መንግሥት ድምፁን የሰሙ ካህናት የሰይጣን ሥራ ነው አሉ እየተባለ ይነገራል። እኛ አንስቅባቸውም፤ ድምፅ በሽቦ እንዴት እንደሚሄድ አስረዱ ብንባል ከክፍላችን የማይደነግጥ ጥቂት ነውና።

ለሁለቱ ሽቦዎች ኤሌክትሪክ የሚልከው የስልክ ማዞሪያው ነው። በዚያም እያንዳንዳቸው 2 ቮልት የሚሰጡ 24 የባትሪ ክፍሎች ተቀጣጥለው 48 ቮልት ይሆናሉ። የቀድሞ መሐንዲሶች ፖዘቲቩን ጫፍ ከመሬት ጋር አገናኝተው ሁለተኛውን ሽቦ ኔጌቲቭ አደረጉት። ይህንም ያደረጉት ስለ ዝገት ነው። ሽቦው ከመሬት ይልቅ ፖዘቲቭ ቢሆን፣ ርጥበት ባገኘው ስፍራ ሁሉ ኤሌክትሪኩ ወደ አፈሩ ሲያመልጥ መዳቡን እየሸረሸረ ይበላው ነበር። የባሕር ዳርን ክረምት ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሽቦዎቹ በቤት ውስጥ ቢለዋወጡ ንግግሩ አይበላሽም፤ ድምፅ የሚተላለፈው በኤሌክትሪኩ ከፍ ዝቅ ማለት ነውና። ቁጥሩ በጣት የሚዞረው የድሮ ስልክም 5 ለማለት መሥመሩን 5 ጊዜ ይቆራርጣል እንጂ የትኛው ሽቦ የት እንዳለ አይጠይቅም። ነገሩ የተለወጠው ባለ ቁልፉ ስልክ እ.ኤ.አ. በ1963 በአሜሪካ ለደንበኞች ሲቀርብ ነው። እያንዳንዱ ቁልፍ ሁለት ድምፆችን በአንድነት ያሰማል፤ ድምፆቹን የሚፈጥረው ትራንዚስተር ግን ኤሌክትሪኩ በትክክለኛው አቅጣጫ ካልመጣለት አይሠራም። በኋላ የተሠሩት ስልኮች 4 ዳዮዶች ተጨምረውላቸው ከዚህ ችግር ዳኑ። የዘመዳችን ስልክ ከፊተኞቹ ወገን ነበረ።

በዚያው በ1963 በከተማችን ፖሊቴክኒክ ተከፍቶ የኤሌክትሪክ ሙያ ማስተማር ጀምሮ ነበር። ከዚያ የተማሩ አንድ ጎረቤት መጥተው የግድግዳውን ክዳን ፈቱና ሁለቱን ሽቦዎች አቀያየሩ፤ ቡናው እንኳ ገና አልፈላም። በመጀመሪያ የደወሉት ከሕመማቸው የተነሡት አያታችን ናቸው፤ ጎንደር ላሉት እኅታቸው።