ከ34ኛው ሳምንት በፊት የሚጀምር ከባድ ፕሪኤክላምፕሲያ

ፕሪኤክላምፕሲያ ከእርግዝና 20ኛ ሳምንት በኋላ የደም ግፊት 140/90 ሲደርስ ወይም ሲያልፍ፣ ከዚሁ ጋር በሽንት ውስጥ ፕሮቲን ሲታይ ወይም ጉበትና ኩላሊት መታወክ ሲጀምሩ የሚታወቅ ሕመም ነው። ከ34ኛው ሳምንት ቀድሞ የመጣው ይበልጥ ያሰጋል፤ የላይኛው ቁጥር 160 ወይም የታችኛው 110 ከደረሰ ደግሞ ሕመሙ ከባድ ተብሎ ይመደባል።

በአረብ አገሮች ሐኪም ቤቶች ሕመሙ በተለምዶ «ተሰሙም አል-ሐምል» ይባላል፤ ቃል በቃል «የእርግዝና መመረዝ» ማለት ነው። ስያሜው ያረጀ ግምት ውርስ ነው እንጂ በደም ውስጥ የተገኘ መርዝ የለም። እናቲቱ የበላችው ምግብም አላመጣውም። ቀድሞ የሚጀምረው ዓይነት በአብዛኛው የሚያያዘው ወደ እንግዴ ልጁ ደም የሚያደርሱት የማሕፀን ደም ሥሮች በእርግዝናው መጀመሪያ በሚገባ ሳይሰፉ ከመቅረታቸው ጋር ነው።

ሕመሙን ከመሠረቱ የሚያስወግደው መውለድ ብቻ ነው። ጭንቁም እዚህ ላይ ይጀምራል፤ በ28ኛው ሳምንት ለሚገኝ ፅንስ በማሕፀን የሚያሳልፈው እያንዳንዱ ቀን ሳንባውን ሲያበስልለት፣ ያው ቀን እናቱን ለአንጎል ደም መፍሰስ ወይም ለሚጥል መንቀጥቀጥ ሊያጋልጣት ይችላል። ስለዚህ ሁለቱም እስከረጉ ድረስ እስከ 34ኛው ሳምንት መጠበቅ ይቻላል፤ የሚጠበቀው ግን በቤት ሳይሆን ለጨቅላ ሕፃናት የጽኑ ሕሙማን ክፍል ባለው ሆስፒታል ተኝቶ ነው። ግፊቱ በመድኃኒት አልወርድ ካለ፣ መንቀጥቀጥ ከመጣ፣ ሳንባዋ ውኃ ከቋጠረ፣ የእንግዴ ልጁ ከተላቀቀ ወይም የፅንሱ የልብ ምት ከተዛባ ሳምንቱ ስንትም ቢሆን ማዋለድ ይቀድማል።

ግፊቱን ለማውረድ ላቤታሎል፣ ኒፈዲፒን ወይም ሃይድራላዚን ይሰጣል። ኢናላፕሪልና መሰሎቹ ፅንሱን ስለሚጎዱ ከጎረቤት የተዋሱትን የግፊት ክኒን መዋጥ አደገኛ ነው። የፅንሱን ሳንባ ለማብሰል ቤታሜታዞን በ24 ሰዓት ልዩነት ሁለት ጊዜ ይወጋል። መንቀጥቀጥን የሚከላከለው ማግኒዚየም ሰልፌት ሲሆን፣ በ2002 ይፋ የሆነውና ከ10 ሺህ በላይ ሴቶች የተሳተፉበት «ማግፓይ» የተሰኘው ጥናት አደጋውን ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ አሳይቷል። መድኃኒቱ ሲበዛ ትንፋሽን ስለሚያደክም ነርሶች የጉልበት ምላሽን፣ አተነፋፈስንና የሽንትን መጠን ደጋግመው ይመረምራሉ፤ ማርከሻው ካልሲየም ግሉኮኔት ነው።

ሕመሙ ብዙ ጊዜ ያለ ስሜት ስለሚጀምር ግፊት ካልተለካ አይታወቅም። የእግር ማበጥ በእርግዝና የተለመደ ነው። በድንገት የሚያብጥ ፊትና እጅ፣ አልለቅ የሚል ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ ከቀኝ የጎድን አጥንት ሥር የሚሰማ ሕመም ግን ለነገ የሚያድሩ አይደሉም። በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ነፍሰ ጡር ራስ ምታቷን የሙቀትና የድካም ውጤት አድርጋ ልታልፈው ትችላለች፤ በዚያው ቀን ግፊቷን መለካት ግን ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይወስዳል።

መንቀጥቀጡ ከወሊድም በኋላ ሊመጣ ስለሚችል የግፊቱ ክትትል እስከ 6 ሳምንት ይቀጥላል። ሕመሙ አንድ ጊዜ የገጠማት ሴት በሚቀጥለው እርግዝናዋ ይህንኑ በመጀመሪያው ቀጠሮ ለሐኪሙ ልትነግር ይገባል፤ ሐኪሙ ከ16ኛው ሳምንት በፊት በየቀኑ የሚወሰድ አነስተኛ መጠን ያለው አስፕሪን ሊያዝላት ይችላልና።