መንግሥት ስብሰባ ሄዷል

አንድ ሰሞን ለጉዳይ ወደ ደራ ወረዳ ዋና ከተማ ወደ አንበሳሜ ወጥቼ ነበር። አንድ ቢሮ በር ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ዱላቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው የተቀመጡ አዛውንት አገኘሁ። «አባቴ፣ ሰው የለም እንዴ?» አልኳቸው።

«መንግሥት ስብሰባ ሄዷል ልጄ፤ ጠብቅ እንግዲህ» አሉኝ።

ሳቅሁ። ነገሩ ግን ኋላ ሲያብሰለስለኝ ሰነበተ። ስብሰባ የሄደው አንድ የቢሮ ሠራተኛ ነው። «መንግሥት» ደግሞ «ነገሠ» ከሚለው የተወለደ ቃል ነው። ንጉሡ በ1967 ዓ.ም. ከዙፋን ወረዱ፤ ቃሉ ግን አልወረደም። በዚህ እንኳ ብቻችንን አይደለንም። ማሌዥያዎች መንግሥታቸውን «ከራጃአን» ይሉታል፤ «ራጃ» ንጉሥ ነው። እነሱስ ዛሬም ንጉሥ አላቸው። ጎረቤቶቻቸው ኢንዶኔዥያውያን «ፐመሪንታህ» ይላሉ፤ «ፐሪንታህ» ትእዛዝ ማለት ነው። አንዱ ከዘውድ፣ ሌላው ከትእዛዝ። ሕዝብ በሁለቱም ውስጥ የለም።

እኛ ግን በዚሁ አገር ብዙ የሠራ ሌላ ቃል አለን፦ እንደራሴ። እስቲ ከፍላችሁ አንብቡት፤ «እንደ ራሴ»። ተናጋሪው ንጉሡ ነው፤ «ይህ ሰው ማለት እኔ ነኝ» እንደማለት። በዘመነ መሳፍንት ንጉሠ ነገሥቱ ጎንደር ላይ ስሙን ብቻ ይዞ ተቀመጠ፤ ሥልጣኑ ደብረ ታቦር፣ ከየጁ ራሶች እጅ ገባ። እንደራሴው ሾመ፣ ሻረ፤ «እንደ ራሴ» ያለውን ንጉሥ ራሱን ሳይቀር አወጣው፣ አወረደው። ራስ ዓሊ በሰኔ 1845 ዓ.ም. አይሻል ላይ በደጃዝማች ካሣ እስኪሸነፉ ድረስ ነገሩ በዚሁ ቀጠለ። ካሣ እንደራሴነቱን አልፈለጉትም። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ፤ ስሙንም ጉልበቱንም አንድ ላይ ያዙት።

ዛሬ የምክር ቤት አባላትን «የሕዝብ እንደራሴዎች» እንላለን። ቃሉ ያው ነው፤ «ራሴ» የሚለው ሰው ግን ተለውጧል። አሁን ተናጋሪው እኒያ አዛውንት ናቸው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 12፣ ሕዝቡ በመረጠው ተወካይ ላይ እምነት ባጣ ጊዜ ከቦታው ሊያነሳው እንደሚችል ይናገራል። ይህን መብት ካልተጠቀምንበት ግን የጎንደሮቹ ነገሥታት ዕጣ ይደርሰናል፦ ስሙ ለእኛ፣ ሥልጣኑ ለእንደራሴው።

ያን ቀን ቢመጣልኝ ኖሮ፣ «ምን ስብሰባ ሄደ ይላሉ አባቴ፣ እርስዎ እዚህ ተቀምጠው የለም እንዴ!» እላቸው ነበር። አልመጣልኝም። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ እኔም ጠበቅሁ።