ከሽያጭ በፊት የሚደረግ የቤት እድሳት በአዲስ አበባ

በአዲስ አበባ ቤት ከመሸጡ በፊት የቱ ጥገና ወጪውን ይመልሳል የሚለው ጥያቄ በየዘመኑ የተለያየ መልስ አግኝቷል። መልሱን ከግንበኛው ዋጋ ይበልጥ የወሰነው የመሬት ሕጉ ነው።

ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ መሬቱ በመኳንንቱና በጦር አለቆች ሰፈር ተከፋፈለ። በ1900 ዓ.ም. ገደማ የወጣው ደንብ የከተማ ቦታ በግል እንዲያዝና እንዲሸጥ ፈቀደ፤ ቤትና ቦታም አብረው ለገበያ ቀረቡ። የብዙው ሰው ቤት የባሕር ዛፍ እንጨትና ጭቃ ነበር። ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ይረገጥና እንዲቦካ ለቀናት ይተዋል፤ ከዚያ በማገሩ ላይ ይመረጋል። ሲደርቅ የሚሰነጠቀው በስስ ጭቃ ይለሰናል፣ በመጨረሻም ኖራ ይቀባል። የዚህ ቤት ሕመም ያለው ከግርጌው ነው፤ የክረምቱ ዝናብ እየረጨው ጭቃው ይረግፋል፣ መሬት ውስጥ የገባው የቋሚ ጫፍ ይበሰብሳል ወይም ምስጥ ይበላዋል። ነገሩን የሚያውቅ ገዢ በአዲስ ኖራና በአቡጀዲ ኮርኒስ አይታለልም፤ ጎንበስ ብሎ የቋሚውን እግር ይነካካል። በእርግጥ ዋጋ የሚጨምሩት የድንጋይ መሠረት፣ ያልዛገ ቆርቆሮና ውሃውን ከግድግዳው የሚያርቅ አሸንዳ ነበሩ።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ይህን ሁሉ ለወጠው። የከተማ ቦታ የመንግሥት ሆነ፣ ትርፍ ቤትም ተወረሰ። የወር ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ። ኪራዩ እስከ ግማሽ ድረስ ስለተቀነሰ ተከራዩ እፎይ አለ፤ ይሁን እንጂ ቀበሌው ከሚሰበስበው ገንዘብ ቤቱን ሊያድስ አልቻለም። ተከራዩም ሊሸጠው በማይችለው ቤት ላይ የሚያፈስ ጣሪያ ከመድፈን ያለፈ ጥገና የሚያደርግበት ምክንያት አልነበረውም። የመሐል ከተማ ሰፈሮች ለረጅም ዓመታት እየተጎሳቆሉ የኖሩት በአብዛኛው በዚህ የተነሣ ነው።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ አጸና። በዚያው አንቀጽ ግን ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬት ላይ በሠራው ቋሚ ንብረትና ባደረገው መሻሻል ላይ ሙሉ መብት አለው፤ መሸጥም ይችላል። ስለዚህ በሕጉ ዓይን የሚሸጠው ቤቱ ነው፤ ገበያው የሚከፍለው ግን በይበልጥ ለአካባቢው ነው። የዛሬው ሻጭ ግራ የሚጋባው በዚህ ተቃርኖ ነው። ገዢው አሮጌውን ቪላ አፍርሶ ፎቅ ሊሠራ ካሰበ አዲስ ሴራሚክና የጂፕሰም ኮርኒስ የባከነ ገንዘብ ነው። ሊኖርበት ካሰበ ደግሞ የሚያፈሰው ጣሪያ፣ የተሰነጠቀው ግድግዳና የሞላው የፍሳሽ ጉድጓድ ከቀለሙ በፊት ይቀድማሉ። ለሁለቱም ዓይነት ገዢ የሚጠቅመው የሰነድ ሥራ ነው፤ ያለ ፈቃድ የተቀጠለ ሰርቪስ ቤት በስም ዝውውር ጊዜ ጣጣ ያመጣል፣ ካርታውን አስቀድሞ ማስተካከል ግን ብዙ ድርድር ይቆጥባል።

ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የተስፋፋው ኮንዶሚኒየም ደግሞ ሌላ ስሌት አመጣ። ቤቱ ዕጣ ለወጣለት ሰው የሚሰጠው የውስጥ ማጠናቀቂያው ሳይሠራ ነው፤ ወለሉን፣ ቀለሙንና የኪችን ቁምሳጥኑን ነዋሪው ያስጨርሳል። በዕጣ የደረሰ ቤት ለአምስት ዓመት እንዳይሸጥ በመከልከሉም ብዙዎች ያስጨረሱት ለመሸጥ ሳይሆን ለመኖር ወይም ለማከራየት ነበር። እዚህ ላይ የማጠናቀቂያው ዋጋ ከቪላው ይልቅ ከፍ ይላል፤ ባለቤቱ የሚደራደርበት የግል ግቢ የለውም፣ በአንድ ሕንፃ ያሉት ባለ ሁለት መኝታ ቤቶችም ተመሳሳይ ናቸው። ልዩነቱ የፎቁ ከፍታ፣ የማያንጠባጥብ መታጠቢያ ቤትና ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የሮቶ መኖር ነው። ግድግዳ አፍርሶ ሳሎን ማስፋት ግን ጥንቃቄ ይሻል፤ በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት ምሰሶውና ጣሪያው የሕንፃው ባለቤቶች ሁሉ የጋራ ንብረት ናቸው።