አሮጌ የወይን ተክል በአራዳ

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ተነሥቼ በእግሬ ወደ ፒያሳ ሳዘግም የአንድ መጠጥ መሸጫ መስኮት አቆመኝ። ከመስተዋቱ በስተጀርባ ጥቋቁር ጠርሙሶች ተደርድረዋል። ከአንደኛው አንገት ላይ የተንጠለጠለው ወረቀት ሁለት ዋጋ ይዟል፤ የላይኛው በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዟል፣ የታችኛው የእሱን ግማሽ ያህላል። በጠርሙሱ ላይ በባዕድ ፊደል «ሺራዝ» ይላል፤ ከሥሩም «ከአሮጌ የወይን ተክል» የሚል ተጨምሮበታል። ወጣቱ ባለሱቅ ደጃፍ ላይ ብቅ ብሎ «ጋሼ፣ ይቺ አታምልጥዎት፤ ብርቱ ወይን ናት» አለኝ።

አንባቢ ሆይ፣ አራዳ ላይ ቆሞ ዋጋ መጠየቅ ቀላል ነገር አይደለም። ከጣሊያን ወረራ በፊት የአዲስ አበባ ታላቁ ገበያ እዚሁ ጊዮርጊስ ግድም ነበር። ነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ የገበያውን ቀረጥና ዳኝነት ይዘው፣ የአርመን፣ የግሪክና የህንድ ነጋዴዎች ሱቅ ከፍተው፣ ከየአውራጃው የመጣው ሕዝብ ሲከራከርበት ይውል የነበረ ምድር ነው። ጣሊያኖች የአገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ አዛውረው መርካቶ አሉት፤ ለአራዳም «ፒያሳ» የሚል ስም ትተውለት ሄዱ። «አራዳ» የሚለው ቃል ግን ገበያውን ተከትሎ አልሄደም። ብልህ፣ የማይሸወድ ከተሜ ማለት ሆኖ ቀረ። እዚህ ቦታ መሸወድ እንግዲህ እጥፍ ውርደት ነው።

ሺራዝ ስሙ የፋርስ ከተማ ስም ነው፤ ወይኑም ከዚያ እንደመጣ ሲተረት ኖሯል። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ማብቂያ የተደረገው የዘር ምርመራ ወላጆቹ ሁለት የደቡብ ምሥራቅ ፈረንሳይ ወይኖች መሆናቸውን አረጋገጠ። ፈረንሳዮች «ሲራ» ይሉታል። ጄምስ በዝቢ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1832 ቁርጥራጩን ወደ አውስትራሊያ አሻገረው። በባሮሳ ሸለቆ እ.ኤ.አ. በ1843 የተተከለ ሺራዝ ዛሬም ያፈራል። ፊሎክሴራ የተባለው ተባይ የአውሮፓን ወይን ሥር ሲበላ ደቡብ አውስትራሊያ አልደረሰም ነበርና፣ የአውሮፓ ተክል ሲጠፋ ስደተኛው ተረፈ። ከተባይ የተረፈው ግን ከሰው ለጥቂት ነው ያመለጠው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ቀይ ወይን ገዢ ሲያጣ መንግሥት እየከፈለ ገበሬውን አስነቀለው። የመቶ ዓመት ግንድ ለማገዶ ሆነ። ጥቂት እምቢተኞች ባይኖሩ «አሮጌ ተክል» የሚለው ጽሑፍ ዛሬ ጠርሙስ ላይ ባልተለጠፈ።

ደግሞም በአብዛኛው አገር «አሮጌ» የሚለውን ቃል ሕግ አይወስነውም። የባሮሳ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ለራሳቸው መስፈርት አወጡ። ሠላሳ አምስት ዓመት የሞላው አሮጌ፣ ከመቶ ሃያ አምስት ያለፈው ደግሞ ቅድመ አያት ይባላል። እኔ ያየሁት ጠርሙስ ግን የተክሉን ዕድሜ አይናገርም። ዋጋው በምን ምክንያት እንደተሰረዘም አይናገርም።

እኛስ? ቋንቋችን ለዚህ መጠጥ የራሱን ስም እንኳ አልሰጠውም፤ «የወይን ጠጅ» ብሎ ከማር ጠጅ አስጠጋው፤ ኋላም ስሙን ለቀለም አዋሰው። ቤተ ክርስቲያን ለቅዳሴ ዘቢብ ዘፍዝፋ ትጠቀማለች። ብሩስ በጎንደር ዘመን ጥሩ ወይን እንደሚጠመቅ ጽፏል። በከተማው ዘመን ግን ወይን ማለት አዋሽ ማለት ነበር። ታሪኩን ከ1936 ዓ.ም. የሚቆጥር ፋብሪካ ነው፤ ደርግ ወረሰው፤ በ2005 ዓ.ም. ደግሞ ቦብ ጌልዶፍ የሚመሩት የመዋዕለ ንዋይ ድርጅትና አንድ ኢትዮጵያዊ ባለሀብት ገዙት። (ለ1977ቱ ረሃብ የዘፈነው ሰው የጉደር ወይን ባለድርሻ መሆኑ አሁንም ያስገርመኛል።) የፒያሳ ቡና ቤቶች ጉደርን በብርጭቆ ሲቀዱ፣ ጎረምሶች ከኮካ ጋር ሲደባልቁ፣ ስለ ተክል ዕድሜ የጠየቀ ሰው አላስታውስም።

ሲራ ራሱ ወደ አገራችን የገባው ዘግይቶ ነው። የፈረንሳዩ ካስቴል በዝዋይ ከመቶ ሄክታር በላይ አለማ፤ ጉማሬና ዘንዶ እንዳይገቡም ዙሪያውን ቦይ አስቆፈረ፤ እ.ኤ.አ. በ2014 የመጀመሪያውን ጠርሙስ «ሪፍት ቫሊ» ብሎ ለገበያ አወጣ። በባሮሳ ቁጥር ያ ተክል ገና ጎረምሳ ነው።

ይህን ሁሉ የማሰላስለው ጠርሙሱን ለራሴ ስላልፈለግሁት ነው። የልጅነት ጓደኛዬ በዶሮ ማነቂያ ተወልዶ፣ በዚያው አርጅቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ሰፈሩ ሲፈርስ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ተሰጠው። ቤቱ ጥሩ ነው፤ ውሃ አለው፤ መስኮቱም ሰፊ ነው። ከዚያ ወዲህ ግን ፒያሳን ረግጦ አያውቅም። ባዶ እጄን መሄድ አሳፈረኝ።

«ቀንስ» አልኩት ባለሱቁን።

«ጋሼ፣ ተቀንሷል እኮ! ተሰርዟል፣ አያዩትም?»

«የሰረዝከው አንተ ነህ።»

ሳቀ፤ ትንሽ ቀነሰ፤ ገዛሁ። ተሸውጄ እንደሆነ ዛሬም አላወቅሁም።

ጓደኛዬ ጠርሙሱን ወደ ብርሃኑ አዙሮ ጽሑፉን እንዳነብለት ጠየቀኝ። አነበብኩለት። «አሮጌ ተክል» ስለው ዝም ብሎ ቆየ። ከዚያ ቡሽ መፍቻ እንደሌለው ትዝ አለው። ዕቃ ሲጫን በዚያው ቀርቷል። ጎረቤት ሊለምን በደረጃው ሲወርድ እግሩን አዳመጥሁ። አራት ፎቅ ነው፤ በየፎቁ ያንኳኳል፤ ማንንም በስም አይጠራም።